ሦስተኛው ክምር

ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሃያዎቹ ሴቶች እንደወትሮው በቆርቆሮው በር ገቡ። ኅዳር ከገባ ወዲህ ደብረ ታቦር በውርጭ ነው የሚነጋላት፤ የግቢው ሣር ነጭ ሆኖ ነበር። ጓንታቸውን ከሚስማሩ ላይ አወረዱ። የጋሪዎቹን ጎማ በእግራቸው እየመቱ ፈተሹ። አሥራ አምስቱ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከየቤቱ ቆሻሻ ሊሰበስቡ ወጡ፤ አምስቱ ብስባሹን ሊያገላብጡ ቀሩ።

የ«ንጋት» የጽዳት ማኅበር ሰብሳቢ ጥሩወርቅ ግን እዚያው ነበር ያደረችው። ግቢውን የመጠበቅ ተራዋ ነበር።

«ዛሬ ሦስተኛውን ክምር ነው የምንገለብጠው» አለች። «ማታ ቀዝቅዞ አገኘሁት።»

«ተራው ነገ አይደል እንዴ?» አለች ብርቱካን።

«አንቺ አተላ አጠጥተሽው ሰክሮ ተኝቷል።»

ሴቶቹ ሳቁ። ብርቱካን ባለ አራት ጣቱን የብረት መንሽ አንስታ ከክምሩ ጎን ሰካች። እንፋሎት ወጣ። ደግማ ሰካች። በሦስተኛው መንሹ ገብቶ ያዘ። እግሯን አስደግፋ በኃይል ስትጎትተው የሰው ክንድ ተከትሎት ወጣ። ሁለቱ የመንሹ ጣቶች በመዳፉ አልፈው ነበር።

ኢንስፔክተር ማርያማዊት ስትደርስ አስከሬኑ ላስቲክ ላይ ተጋድሟል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገብቷል። አንገቱ ላይ አራት ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ሐኪሙ አፉን ሲከፍተው ብስባሽ ወጣ። ሰውየው ሲቀበር ገና ይተነፍስ ነበር ማለት ነው።

«ያውቁታል?» ብላ ጥሩወርቅን ጠየቀቻት።

«ሙላቴ ነው፤ የጽዳት ፈንዱ የመስክ ባለሙያ። ማክሰኞ እዚሁ ነበር፣ ሥራችንን ሊመዝን።»

«ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ተጣልተናል። ጫማው እንዳይቆሽሽ ከሩቅ ቆሞ ሊጽፍ ሲል አንድ አካፋ ቆሻሻ እግሩ ላይ ደፋሁበት። ከዚያ በኋላ ቀርቦ አየ።»

ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ከአዳር ሥራ ሳያርፍ ነው የመጣው። መዳፉን በሟቹ ደረት ላይ አኑሮ ቆየ። «ገላው ትኩስ ነው። መንጋጋውም አልደረቀም። ከሦስት ሰዓት በላይ አይሆነውም፤ ሊነጋጋ ሲል ነው የተገደለው።»

«ሊነጋጋ ሲል» አለ ሳጅን ደረጄ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እዚህ ግቢ ውስጥ የነበረችው አንዲት ሴት ናት። ቁልፉም አንገቷ ላይ ነው።»

ነገሩ ለማርያማዊት ቶሎ የቀለለ መሰላት። ግን ከአጥሩ ውጭ ሰው ተሰብስቦ ይጮህ ነበር። ድንጋይ አጥሩን ተሻግሮ መጣና የአንዷን ሴት ግንባር ፈለጠ። ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ሁለተኛ ድንጋይ ተከተለ። ማርያማዊት ጥሩወርቅን በክንዷ ይዛ ወደ መኪናው አስገባቻት።

«እስር አይደለም፣ ለደኅንነትዎ ነው» አለቻት።

መኪናው በገበያው መካከል አለፈ። ያየ ሁሉ ያየው እስር ነው።

የፈንዱ ጸሐፊ ፈንታሁን ንጹሕ አለባበስ ያለው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። ዓይኑ ቀልቷል።

«የፈንዱ ገቢ ከየት ነው?» አለች ማርያማዊት።

«ከውኃ ክፍያ ጋር ነው። እያንዳንዱ ቤት ውኃውን ሲከፍል ለቆሻሻም ትንሽ ይከፍላል። ያ ይጠራቀምና በዓመት አንዴ ለአንድ ማኅበር ድጋፍ ይሆናል። ዘንድሮ ተሳቢ ያለው ትራክተርና የሦስት ዓመት የቦታ ውል ነው። ለኅዳር አሥራ ሁለት፣ ከተማው ቆሻሻውን ጠርጎ በሚያቃጥልበት ቀን፣ በአደባባይ ልናውጅ ነበር።»

«ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ማነው?»

«ኮሚቴ ነው። ግን ከመቶው ስልሳው የመስክ ነጥብ ነው። እሱን የሚሰጠው ሙላቴ ብቻ ነበር። የነጥቡን ወረቀት ከኪሱ አይለየውም።»

አስከሬኑ ላይ ወረቀት አልተገኘም።

«መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ሐሙስ አሥር ሰዓት፣ እዚሁ። ብስባሽ በደንብ የሚታየው ሲነጋጋ ነው፣ እንፋሎቱ ሲወጣ፣ ብሎኝ ነበር። ምነው ብቻህን አትሂድ ባልኩት።»

«እርስዎ ሊነጋጋ ሲል የት ነበሩ?»

«ቅዳሴ ላይ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ። ካህናቱን ጠይቂ።» መሐረቡን አጣጠፈ። «ልንገርሽ አልፈለግሁም እንጂ፣ ረቡዕ ጠዋት የ‹አድማስ› ማኅበር ሰብሳቢ ዮናስ እዚሁ ቢሮ ውስጥ ሙላቴን አንቆት ነበር። እኔ ነኝ ያላቀቅኋቸው። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈው አድማስ ነው፤ ዘንድሮ እንደሚወድቅ ሳይገባው አልቀረም።»

ማርያማዊት ካህናቱን ጠየቀች። ሦስቱም ፈንታሁንን አይተውታል። ዮናስ ግን ቤቱ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ የሟቹ ታላቅ ወንድም ይሻው ከእብናት መጣ። የከብት ነጋዴ ነው፤ ሽበቱ ገና ጢሙ ላይ ብቻ ነው ያለው። መሣሪያውን በር ላይ እንዲያስረክብ ሲጠየቅ አስረከበ።

«አያ ይሻው፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። አንቺ ነሽ የያዝሻት?»

«ጥፋተኛ መሆኗ አልታወቀም። እያጣራሁ ነው።»

«ሐኪሙ ያለውን ሰምቻለሁ። ሴት አልገድልም፣ አትስጊ።» ድምፁ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ወንድም አላት አሉ።»

«እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። እውነቱ ሳይታወቅ ደም ይፈሳል?»

«ወንድሜን አፈር ሳላለብስ እጄን አላነሳም። ከዚያ በኋላ አትለምኚኝ።»

አስከሬኑ ለምርመራ ባሕር ዳር ተልኳል፣ ቅዳሜ ይመለሳል፤ የምርመራው ውጤት ከአሥራ አምስት ቀን በፊት አይመጣም። ቀብሩ እሑድ ስድስት ሰዓት ነው። ማርያማዊት በልቧ ቆጠረች። ሁለት ቀን አይሞላም።

በዚያው ቅጽበት አንድ ቀጭን ገበሬ በጨርቅ የታሰረ ስንቅ ይዞ በበሩ ገባ። «ጥሩወርቅን ፈልጌ ነው» አለ ዘበኛውን። «እህቴ ናት። አዳነ በላት።»

ይሻው ዞረ። ሊገዛው ያሰበውን በሬ እንደሚያይ ከእግሩ እስከ ራሱ አየው። ከዚያ ወጣ።

ማርያማዊት አዳነን ወደ ግድግዳው ወሰደችው። «ካሁን በኋላ እዚህ እንዳትመጣ። ስንቁን ብርቱካን ታመላልሳለች።»

«እናታችን ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እሷ ናት አኝካ ያሳደገችኝ። አሁን በሰው እጅ ትብላ?»

«ያ ሰውዬ ይገድልሃል።»

«እኔ ምን አድርጌው?»

«እዚህ ጣቢያው ውስጥ እደር እንግዲያው።»

ሳቀ። «ሁለታችንም ከታሰርን ገብሱን ማን ያጭዳል?»

ከጉና ግርጌ ሁለት ሰዓት በእግር ነው የሚመጣው። ሳጅን ደረጄ በሩ ላይ የተደገፈውን፣ ሳይመለስለት የቀረውን የይሻውን መሣሪያ እያየ ራሱን ነቀነቀ። «አንድ መሣሪያ ብቻ ያለው የከብት ነጋዴ አላውቅም» አለ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዮናስን ወንዛዬ ፍል ውኃ ውስጥ አገኙት፤ እስከ አንገቱ ተነክሮ፣ ዙሪያውን በሽተኛና ሽማግሌ ከቦት። ፖሊስ ሲያይ ራቁቱን ዘሎ ወጣ። ሳጅን ደረጄ ሲይዘው በክርኑ አፉን መታው፤ የሳጅኑ ሁለት የፊት ጥርሶች ከደም ጋር ድንጋዩ ላይ ወደቁ። ደረጄ በጉልበቱ ጀርባው ላይ ወጣና ፊቱን ከጭቃው ጋር አጣበቀው። ማርያማዊት ባትጮህ ኖሮ አፍኖ ይገድለው ነበር።

«ለምን ሮጥህ?»

«ሙላቴን አንቄው ነበራ! ሲሞት ማን እንደሚፈለግ አይገባኝም?»

ባለ መታጠቢያዎቹ ከረቡዕ ከሰዓት ጀምሮ ከወንዛዬ እንዳልወጣ መሰከሩ። አንድ አሮጊት «ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኮራፋ እንቅልፍ አሳጥቶናል፤ እሰሪልን» አሉ።

«ረቡዕ ለምን አነቅኸው?» አለች ማርያማዊት።

ዮናስ ጭቃውን ከአፉ ተፋ። «የማዳበሪያ ጣቢያህን አሳየኝ አለኝ። ሦስት ዓመት የተደገፈበትን። ምን ጣቢያ አለኝ? ስምና ማኅተም ነው ያለኝ። ፈንታሁን ፈርም ሲለኝ እፈርማለሁ፤ ለፊርማዬ ትንሽ ይቆርስልኛል። ጣቢያው ተብሎ የተጻፈው በአንበሳሜ መንገድ ያለ አጥር ነው። ከውስጥ የፈንታሁን አማች ገብስ ዘርቶበታል።»

ማርያማዊት ወደ ደብረ ታቦር ተመለሰች። ለመግደል ምክንያት ያለው ሰው አግኝታለች። ፈንታሁን ግን ሙላቴ ተገደለ በተባለበት ሰዓት ሦስት ካህናት ፊት ቆሞ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። ዝናሽ፣ ሚስቱ፣ ለቅሶው ውስጥ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ሌሎች ሲጮኹ እሷ ነጠላዋን ብቻ ታስተካክል ነበር። ማርያማዊትን ስታይ ተነስታ ወደ ጓዳ አስገባቻት።

«ሐሙስ ማታ አልመጣም» አለች ማርያማዊት። «ለምን አልፈለግሽውም?»

«አሥር ሰዓት ላይ ደውሎልኛል። ሥራ ከመሸበት አንበሳሜ እንደሚያድር ነገረኝ። አምሽቶ የሚያድርበት ጊዜ አለ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ? አሞት ነበር?»

«ለምን?»

«ዓርብ ጠዋት ከመላካቸው በፊት ሐኪም ቤት ገብቼ ጀርባውን ዳሰስኩት። ይፋጅ ነበር። ሃያ ዓመት አጠገቡ ተኝቻለሁ፣ ሲታመምም አውቀዋለሁ። እንዲያ ሞቆ አያውቅም። ትኩሳት ይዞት ሳላውቅ ከቤት ወጥቶ እንደሆነ ብዬ ነው። ብቻ ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ማርያማዊት የጓዳውን ግድግዳ ይዛ ቆመች። ሦስት ሰዓት የሞላው ሬሳ ይቀዘቅዛል እንጂ ከሕያው ሰው በላይ አይሞቅም።

«አላመመውም» አለቻት። «ሙቀቱ የሌላ ነው። አመሰግናለሁ፣ እትዬ ዝናሽ።»

ዝናሽ ራሷን ዝቅ አደረገችና ወደ ለቅሶው ተመለሰች።

ጥሩወርቅ በጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች።

«ክምሩ ውስጡ ምን ያህል ይሞቃል?»

«እጅ አያስገባም። ፌሮ ሰክተን ነው የምናውቀው።»

«እንዴት?»

«ፌሮውን ከሰካን በኋላ እናወጣውና በእጃችን ይዘን አቡነ ዘበሰማያትን እንደግማለን። ‹ስምከ› ላይ ከለቀቅሽው ክምሩ በደንብ እየበሰለ ነው። ‹አሜን› እስክትይ ከያዝሽው ቀዝቅዟል፣ ይገለበጣል። የለቀቅንበትን ቃል በሩ ላይ በጠመኔ እንጽፋለን። ሙላቴ ይህን ሲያይ ሳቀ። ከዚያ እሱም ያዘው፣ ‹ይትቀደስ› ሳይል ጣለው።»

«ሐሙስ ሦስተኛው ክምር ምን ላይ ነበር?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ‹ስምከ›። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ‹አሜን›። ገርሞኝ ነበር። አንድ ሰው ከፍቶት ብርድ ያስገባበት ይመስል ነበር። እንዲያ የተከፈተ ክምር ደግሞ ሲነጋ ብሶ ይሞቃል።»

«ይህን ለምን አልነገሩኝም?»

«የጠየቃችሁኝ ስለ ንጋቱ ብቻ ነው፣ ልጄ።»

ማርያማዊት አጠገቧ ተቀመጠች። ሐኪሙ የዳሰሰው የክምሩን ሙቀት ነበር፤ መንጋጋውም በዚያው ሙቀት ደርቆ መልሶ ላልቷል፤ ሙላቴ የተገደለው ሐሙስ ማታ ነው። «ከአሥራ አንድ እስከ ሁለት ሰዓት ግቢው ውስጥ ማን ነበር?»

«ማንም። ፈንታሁን ደውሎ ሃያ አንዳችንም ቀበሌው አዳራሽ እንድንመጣ አዘዘ፣ ጠባቂዋም ጭምር። በአካል ቀርቦ ያልፈረመ ማኅበር ከውድድሩ ይወጣል አለ። ቆልፈን ሄድን። እሱ ግን አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኖት ነው የመጣ። ፀጉሩን ታጥቦ ነበር።»

«ትርፍ ቁልፍ አለ?»

«ለሙላቴ ሰጥቼዋለሁ። ባሻው ጊዜ ገብቶ ይይ ብዬ።»

«ፈንታሁን ላይ ሌላ ያዩት ነገር አለ?»

ጥሩወርቅ ጓንት የለመደውን እጇን ጭኗ ላይ አሸችው። «ብናገረው ያሳፍራል። አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። የክምር ሆድ ይሸት ነበር፣ አተላ አተላ። የእኔ መስሎኝ ፈቀቅ አልኩ። ብርቱካንም የራሷ መስሏት ሄዳ በር ላይ ቆመች። ሲጠናቀቅ ሃያ አንዳችንም ከአዳራሹ ጥግ ሆነን ራሳችንን አገኘን። ሰው ሁሌ አፍንጫውን ሲይዝብን የኖርን ነን። ጸሐፊው ይሸታል ብሎ የሚያስብ ማን አለ?»

ፈንታሁን ግቢውን ባዶ አድርጎ ሙላቴን በራሱ ቁልፍ አስከፍቶታል ማለት ነው። ማርያማዊት ተነሳች። አራት ሰዓት ሆኖ ነበር።

የፈንዱ ቢሮ ቁልፍ ያለው ሰው እስኪገኝ አንድ ሰዓት ሄደ። ከፋይል መደርደሪያው ጀርባ ድርብ ፌስታል ውስጥ የፈንታሁን ሰማያዊ ካፖርትና አንድ ጥንድ ቦት ጫማ ነበር። ተጠርታ የመጣችው ብርቱካን ፌስታሉን ከፍታ አንዴ ብቻ አሸተተች።

«የእኛ ነው። ከሦስተኛው ክምር» አለች። «አተላ የጨመርነው እሱ ላይ ብቻ ነው፤ ከጠላ ቤቶቹ በበርሜል ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

የካፖርቱ እጅጌ በደም ደርቋል። በኪሱ ውስጥ የግቢው ትርፍ ቁልፍና ለአራት የታጠፈ ወረቀት ነበር፣ በሙላቴ እጅ የተጻፈ። ንጋት፦ ከስልሳ ሃምሳ ስምንት። አድማስ፦ ዜሮ፤ ጣቢያ የለም።

«ሁለቱን ነጥብ ለምን ቀነሰብን?» አለች ብርቱካን። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

ማርያማዊት ለይሻው ደወለች። ስልኩ ዝግ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ሲደርሱ ስድስት ሰዓት አልፏል። የሕይወት ታሪኩን ያነበበው ፈንታሁን ነበር፤ ወረቀቱን እንደያዘ ከጉድጓዱ ራስጌ ቆሟል። ይሻው ከማዶ ተንበርክኮ በእጁ አፈር ይመልሳል። ሰዉ ጥቅጥቅ ብሎ ነበር። ማርያማዊት በትከሻዋ እየገፋች መንገድ ስትሠራ ፈንታሁን ቀና አለ። መጀመሪያ እሷን አየ፣ ቀጥሎ ሳጅን ደረጄ የያዘውን ፌስታል።

ከቀባሪው እጅ አካፋውን ነጠቀና በደረጄ ላይ ሰነዘረው። አካፋው የሳጅኑን ጆሮ ከሥሩ ቆርጦ ትከሻው ላይ አረፈ። ሴቶች ጮኹ። ፈንታሁን ዳግም አነሳ፤ ማርያማዊት ክንዷን ስታስቀድም አጥንቷ ሲሰበር ራሷ ሰማችው። በሌላኛው እጇ ወገቡን ይዛው አብረው ጉድጓዱ ውስጥ ወደቁ። ሣጥኑ ላይ ታገሉ። አፈር አንስቶ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀባት። ጣቱን ነከሰችው፣ እስኪለቅ። ከላይ አራት ቀባሪዎች ወርደው በዱላ ቀጠቀጡት፤ ካቴናው ሲገባበት ፊቱ አይታወቅም ነበር።

ከጉድጓዱ ሲያወጧት መጀመሪያ የጠየቀችው ይሻውን ነው።

«የድርሻውን አፈር መልሶ ሄደ» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ግርግሩ ሳይጀመር፣ አንቺ በሰዉ መካከል ስትጋፊ።»

«በየት?»

«በጉና መንገድ።»

መኪናውን ሌላ ፖሊስ ነዳላት። የተሰበረ ክንዷን ሹራቧ ውስጥ ከትታለች። ከከተማው ወጥተው ሁለተኛውን ጅረት ሳይሻገሩ ተኩሱን ሰሙ፤ አንድ፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላ።

አዳነ መንገዱ ዳር በግንባሩ ተደፍቷል። የመጀመሪያው ጥይት በጀርባው ገብቶ ደረቱን ቀድዶታል። ሁለተኛው ከጆሮው ሥር ነው። ስንቁ ከእጁ አልወደቀም፤ ጨርቁ ደም ጠጥቷል። ይሻው ከእሱ አምስት እርምጃ ርቆ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ መሣሪያው ጉልበቱ ላይ ነው። ሊሸሽ አልሞከረም።

«አያ ይሻው፣ መሣሪያውን ያስቀምጡት።»

አስቀመጠው። «ቃሌን ጠብቄያለሁ» አለ። «ሳልቀብር አልመጣሁም።»

«ወንድምዎን የገደለው ፈንታሁን ነው። የሕይወት ታሪኩን ያነበበው። አሁን በካቴና ነው።»

ይሻው ድንጋዩ ላይ ቀና አለ። «መቼ አወቅሽ?»

«ዛሬ ረፋድ።»

«ስልኬን ዘግቼው ነበር» አለ። «ለቀብሩ ብዬ።»

ሁለት እጁን አቀረበላት። በአንድ እጇ ካቴናውን ማስገባት አልቻለችም፤ ነጂው አስገባው።

ጥሩወርቅ እሑድ ማታ ተለቀቀች። የተለቀቀችበት ወረቀት ላይ ስትፈርም ማን እንደሞተ ያውቁ የነበሩት ሁሉ ወለሉን ያዩ ነበር። የነገረቻት ማርያማዊት ናት። የታሰሩት ለደኅንነትዎ ነበር የሚለውን ግን መድገም አልቻለችም።

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን የሙላቴ ነጥብ በአደባባይ ተነበበ። ትራክተሩ ለንጋት ተሰጠ። ሃያ አንዱም ሴቶች ተገኝተዋል፤ ጥሩወርቅ በጥቁር ልብስ ወጥታ ቁልፉን ተቀበለች፣ ምስጋናውንም ባጭሩ ተናገረች። ከዚያ ወደ ቤቷ ሄደች። እናትና አባት ከድሮም የሏትም። አሁን ወንድም የላትም።